የኋላ ፍሬን ሲሰንፍ ወይም ሲቆልፍ፦ የማመጣጠኛ ቫልቭ አፈታተሽ ደረጃ በደረጃ

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ እንዲህ ሆኖ ነው። «የኋላ ፍሬን ሸራ ቀይሬያለሁ፣ የጎማውን ፍሬን ሲሊንደርም ቀይሬያለሁ፣ አየሩም ወጥቷል። አሁንም ግን ጭነት ይዤ ስወርድ ፍሬኑ ይሰንፋል።» ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይላል። «ባዶ ስሆን ፍሬን ስረግጥ የኋላ ጎማ ይቆልፍና መኪናዋ ወደ ጎን ትሄዳለች።» ከደብረ ማርቆስም ከቡሬም ከሞጣም የሚጠይቁኝ በአብዛኛው ፒክአፕ ወይም ሚኒባስ የሚነዱ ናቸው።

እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ባሌስትራ (መኪናዋን ከኋላ የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ሞላ) አስጨምራችኋል? ወይስ የተሰበረ ባሌስትራ አለ? መልሱ ባብዛኛው «አዎ» ነው። እንግዲያው ሸራው ላይ ገንዘብ ከመጨረሳችሁ በፊት ከኋላ አክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት) በላይ ሻንሲው (የመኪናዋ የብረት አጽም) ላይ የተለጠፈችውን ቫልቭ እዩ። የፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ ናት። አንዳንድ መካኒኮች ፕሮፖርሽኒንግ ቫልቭ ይሏታል።

ይህ መመሪያ በዘይት ለሚሠራ ፍሬን ነው። በንፋስ ፍሬን የሚሄዱ ከባድ መኪኖች አሠራራቸው ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

ቫልቩ ምን ይሠራል?

ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይደፋል። የፊት ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው ይጫኑታል፤ የኋላዎቹ ይቀልላሉ። የቀለለ ጎማ በትንሽ ፍሬን ይቆልፋል። የፊት ጎማ ቢቆልፍ መኪናዋ መሪ አልሰማ ብላ ቀጥታ ትሄዳለች። መጥፎ ነው። የኋላው ቀድሞ ቢቆልፍ ግን ይብሳል፤ ጭራዋ ዞሮ ፊቷን ሊቀድም ይመጣል። አንዴ መዞር ከጀመረች መሪ አይመልሳትም።

ቫልቩ ይህን ይከላከላል። ፔዳሉን በቀስታ ስትረግጡ ለፊትም ለኋላም የሚሄደው ግፊት እኩል ነው። ግፊቱ አንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ ሲደርስ ቫልቩ የኋላውን ድርሻ መቀነስ ይጀምራል። የፊቱ እንደ እርግጫችሁ ይጨምራል፤ የኋላውም ይጨምራል፣ ግን በዝግታ። ይህን ነጥብ ከዚህ በኋላ «መለያያ ነጥብ» እለዋለሁ።

በአብዛኛው የቤት መኪና ላይ መለያያ ነጥቡ አይለወጥም። ምክንያቱም የሚጫነው አምስት ሰውና ትንሽ ሻንጣ ነው። ፒክአፕ ግን ዛሬ ባዶ ሄዳ ነገ አሥር ኩንታል ጤፍ ትጭናለች። ስትጫን የኋላ ጎማዎቹ መሬት ስለሚይዙ ብዙ ፍሬን መቀበል ይችላሉ፤ ደግሞም ሊቀበሉ ይገባል። ስለዚህ እንደ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘርና ሃይኤስ ባሉት በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ያለው ቫልቭ ጭነት የሚያውቅ ዓይነት ነው።

ጭነቱን እንዴት ያውቃል? ሚዛን የለውም። የሚያውቀው በከፍታ ነው። ቫልቩ ሻንሲው ላይ ታስሯል። ከእሱ የወጣ ክንድ ወይም ረጅም ሞላ በዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። ጭነት ሲገባ ሻንሲው ወደ አክስሉ ይወርዳል፣ ክንዱ ወደ ላይ ይገፋል፣ መለያያ ነጥቡም ከፍ ይላል። የኋላ ፍሬን ይጠነክራል ማለት ነው። ጭነቱ ሲራገፍ ሻንሲው ይነሣል፣ ክንዱ ይወርዳል፣ የኋላ ፍሬን ይለሰልሳል።

የባሌስትራው ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ተጨማሪ ባሌስትራ ስታስገቡ የመኪናዋ ጭራ ከፍ ይላል። አሁን አሥር ኩንታል ጭናችሁ እንኳ ሻንሲው ድሮ ባዶ ሳለች ከነበረበት ብዙም አይወርድም። ቫልቩ «ባዶ ነኝ» ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቆጥባል። ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የፊት ፍሬን ብቻውን ያን ሁሉ ሲይዝ ይግላል፣ ፓዱ ይነድዳል፣ ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል።

ባሌስትራ ሲሰበር ወይም ሲተኛ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መኪናዋ ባዶ ሆና ሳለ ጭራዋ ዝቅ ስላለ ቫልቩ «ተጭኛለሁ» ይላል። ለቀለለ ጎማ ብዙ ፍሬን ይልካል። ጎማው ይቆልፋል።

መኪናችሁ ቫልቩ አላት?

ከኋላ አክስሉ በላይ በሻንሲው ውስጠኛ በኩል እዩ። የፍሬን ቱቦዎች የገቡበት፣ የጡጫ ግማሽ የሚያህል የብረት ቁራጭ፣ ክንድ ወደ አክስሉ የዘረጋ ከሆነ እሱ ነው። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ የሚገፋው፣ ዘይቱን ወደ መስመሩ የሚልከው) አጠገብ ወይም ሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትገኛለች፤ ክንድ የላትም፣ የሚስተካከል ነገርም የላትም። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከል ሥርዓት) ባላቸው ብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ይህን ሥራ ኮምፒውተሩ ስለሚሠራው ቫልቩ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። የኤቢኤስ መብራት በርቶ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስመርምሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንዳንድ ጭነት የሚያውቁ ቫልቮች ላይ ሦስት ቱቦ ታያላችሁ። አንዱ የኋላው መግቢያ፣ አንዱ ወደ ኋላ ጎማ መውጫ፣ ሦስተኛው ከፊት ፍሬን መስመር የመጣ ነው። ይህ ሦስተኛው ትርፍ አይደለም። የፊቱ መስመር ቢፈነዳ ቫልቩ መቆጠቡን ትቶ ሙሉ ግፊት ለኋላ እንዲለቅ ያደርጋል። ደፍናችሁ እንዳትተዉት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ማስጠንቀቂያ፦ መኪናን በክሪክ ብቻ አንሥታችሁ ከሥር አትግቡ። ክሪክ ይንሸራተታል፣ ይለቃል። ስታንድ ከሌላችሁ የሥራ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ሂዱ። ድንጋይ ደርድሮ መግባት ደግሞ ከክሪኩም ይብሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፣ ዓይንም ያቃጥላል። መነጽር አድርጉ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ እጠቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፍሬን ነክታችሁ ሙከራውን ቁልቁለት ላይ አትጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክሪክ፣ ሁለት ስታንድ፣ ለፊት ጎማ ታኮ
- የፍሬን ቱቦ ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ። በብዙ ቶዮታዎች 10 ቁጥር ነው። ተራው ክፍት ቁልፍ የቱቦውን ዳዶ ጠርዝ ስለሚበላው ዙሪያውን የሚይዘውን ለቱቦ የተሠራ ቁልፍ ፈልጉ
- ለአየር ማስወጫው ብሎን ተስማሚ ቁልፍ፣ አንድ ክንድ የሚያህል በዓይን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦና ባዶ የውኃ ጠርሙስ
- የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት ማላቀቂያ፣ ጨርቅ
- ሜትር፣ ማርከር ወይም ነጭ ቀለም
- ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት
- ፔዳል የሚረግጥ ሰው
- ከተቻለ ሁለት የፍሬን ግፊት ጌጅ፣ ቢያንስ እስከ 150 ባር የሚያነብ። የጎማ ጌጅ አይሆንም፤ ይፈነዳል

ደረጃዎች

1. ችግሩ የአንድ ጎማ ነው ወይስ የሁለቱ?

ከሁሉ በፊት ይህን ለዩ። በፒክአፕና በሚኒባስ ላይ ከቫልቩ ወደ ኋላ የሚወጣው መስመር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። አክስሉ ላይ ሲደርስ ነው ለሁለት የሚከፈለው። ስለዚህ ግራው ብቻ ከቆለፈ ወይም ቀኙ ብቻ ከሰነፈ ቫልቩ ነጻ ነው። ጥፋቱ ከቫልቩ ወዲያ ነው፦ የተጣበቀ ሲሊንደር፣ ዘይት የነካው ሸራ፣ ያልተስተካከለ ሸራ። ከአክስሉ ጫፍ የሚያፈስ ጎሚኒ ካለ የዲፈረንሻል ዘይት ሸራው ላይ ይገባል። ታምቡሩን (ሸራው ከውስጥ የሚጫነውን ክብ ብረት) ከፍታችሁ እዩት፣ ጨረሳችሁ።

በቤት መኪና ላይ ግን ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። በብዙዎቹ የፍሬን መስመሩ የተሰናሰለ ነው፤ የፊት ግራ ከኋላ ቀኝ ጋር፣ የፊት ቀኝ ከኋላ ግራ ጋር። ስለዚህ ቫልቩ በውስጡ ሁለት ነው፤ አንዱ ብቻ ሊበላሽ ይችላል።

2. የእጅ ፍሬኑን ጠይቁ

የእጅ ፍሬን በገመድ ይሠራል፤ በቫልቩ አያልፍም። ኋላዋ ታምቡር በሆነች መኪና ላይ የእጅ ፍሬኑ የሚስበው ያንኑ ሸራ ነው። ቀለል ያለ ዳገት ላይ አቁሙና የእጅ ፍሬኑን ያዙ። አጥብቆ ከያዘ ሸራውና ታምቡሩ ደህና ናቸው። እግር ፍሬኑ ከኋላ እየሰነፈ የእጅ ፍሬኑ ከያዘ ጥርጣሬው ወደ ዘይቱ መስመር ይሄዳል። የእጅ ፍሬኑም ካልያዘ ሸራውን አስተካክሉ፤ ቫልቩን ገና አትንኩት። ኋላቸው ዲስክ በሆነና የእጅ ፍሬናቸው ለብቻው በሆነ መኪኖች ላይ ይህ ሙከራ አይረዳም።

አንዳንዱ «ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ» ብሎ ቫልቩን ይወነጅላል። የደረቀ ፔዳል ባብዛኛው የሰርቮው (የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ክፍል) ጉዳይ ነው። ሰርቮው የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሰርቮው ጉልበት ከቆላው ያንሳል። በዚያ ላይ ወደ ሰርቮው የሚሄደው የቫኩም ጎማ ቱቦ የተሰነጠቀ ከሆነ እግር አይችለውም። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ከዚያ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሄደ ሰርቮው ይሠራል።

3. ዘይቱን እዩ

የማስተሩን ክዳን ክፈቱ። ዘይቱ ጠቁሮ እንደ ቡና ከሆነ ወይም ከታች ዝቃጭ ካለው በቫልቩ ውስጥም ያው ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ ቫልቩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፒስተን ያዝገዋል፤ የተጣበቀ ቫልቭ የሚመጣው ከዚህ ነው። የመፍያ ነጥቡም ይወርዳል። ዶት 3 አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ ይሠራል፤ እርጥበት ሲይዝ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ ከ230 ወደ 155። ዓባይ በረሃ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት።

4. መኪናዋን በትክክል አንሡ

የፊት ጎማዎቹን በታኮ ደግፉ። ክሪኩን ከዲፈረንሻሉ ሥር አስገብታችሁ አንሡ፤ ስታንዶቹን ከአክስሉ ሥር አስቀምጡ፣ ከሻንሲው ሥር አይደለም። ለምን? ሻንሲውን ካነሣችሁ አክስሉ ይንጠለጠላል፣ ክንዱም ከወትሮው በታች ይወርዳል። ቫልቩ ከባዶም በላይ ባዶ ነኝ ይላል፤ አንዳንዱ ቫልቭ በዚህ ጊዜ መስመሩን በጣም ያጠብበዋል። በዚህ ሁኔታ የምትለኩትም፣ አየር የምታስወጡትም ውሸት ይሆናል። ብዙ «አየሩ አልወጣም አለ» የሚባለው ችግር እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው። የሥራ ጉድጓድ ካላችሁ በጎማዋ ቆማ ሥሩ፤ ከሁሉም ይሻላል።

5. ክንዱን አጥባችሁ ነቅንቁ

በክረምት በቢቸና ዋልካ ያለፈች መኪና ክንዷ በጭቃ ተለስኗል። ጭቃው ሲደርቅ መገጣጠሚያውን ይዞ ያስቀራል። በውኃ እጠቡ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ንፉ። ማላቀቂያው የቫልቩ መከላከያ ጎማ ላይ እንዳይፈስ ጨርቅ አድርጉበት፤ የማዕድን ዘይት የፍሬን ጎሚኒ ያሳብጣል።

ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ግን ዘንጉ የታሰረበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርጉ። ዘንጉ በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥር ከሆነ የሚታየውን ርዝመት በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ይህን ሳታደርጉ ከፈታችሁ የፋብሪካው ልክ ጠፋ።

አሁን ዘንጉን ከአክስሉ በኩል ፍቱትና ክንዱን በእጃችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ሳይንቀጫቀጭ መሄድ፣ ስትለቁት መመለስ አለበት። ካልተነቃነቀ ወይም በሆነ ቦታ ከተያዘ አንድ ጥፋት አገኛችሁ። የዘንጉ ጫፍ ጎሚኒ ተበልቶ የሚንቀጫቀጭ ከሆነም እንደዚያው፤ የጎሚኒው ክፍተት ክንዱን ከቦታው ያዘገየዋል።

የቫልቩን መከላከያ ጎማ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። እርጥብ ከሆነ ወይም ከውስጡ የፍሬን ዘይት ከወጣ ቫልቩ አብቅቶለታል። ወደ ደረጃ 10 ዝለሉ።

6. የታሰረ ነገር ፈልጉ

ይህን ለብቻው ያነሣሁት ብዙ ስለማየው ነው። ከኢንጅባራ ድንች ወይም ከሰል፣ ከቡሬ በርበሬ የሚያመላልሱ አንዳንድ መኪኖች ላይ ክንዱ በሽቦ ወደ ላይ ታስሮ ታገኙታላችሁ። ወይም ዘንጉ ተቆርጦ ተጥሏል፤ ወይም ቫልቩ ወጥቶ ቱቦዎቹ ቀጥታ ተገናኝተዋል። ሐሳቡ «ሁልጊዜ ስለምጭን ሁልጊዜ ሙሉ ፍሬን ልስጠው» ነው። ሲጫን ይሠራል። ችግሩ ተራግፋ ስትመለስ ነው። ባዶ መኪና፣ ዝናብ፣ አስፋልት፣ ድንገት የገባ ከብት፤ በዚህ ጊዜ የኋላ ጎማው ወዲያው ይቆልፋል። ሽቦውን ፍቱት። ከዚያ ችግሩ በትክክል ምን እንደነበር ታያላችሁ።

7. ከፍታውን ለኩ

መኪናዋ ባዶ፣ ጎማዋ በአየር ትክክል፣ መሬቱ ደልዳላ ይሁን። ከአክስሉ አናት እስከ ሻንሲው ታች ቀጥታ ወደ ላይ ለኩ፣ በግራም በቀኝም። ግራና ቀኙ በግልጽ ከተለያየ የተሰበረ ወይም የተኛ ባሌስትራ አለ፤ እሱ ሳይሠራ ቫልቩን ማስተካከል ድካም ነው።

ባሌስትራ ልታስጨምሩ ከሆነ ከመጨመሩ በፊት ለክታችሁ ጻፉ፣ ከተጨመረ በኋላም ለኩ። ልዩነቱ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ነው። ቀድሞ ተጨምሮ ከሆነ ያው ሞዴል ሆና ባሌስትራዋ ያልተነካ መኪና ፈልጋችሁ ለኩ።

8. ዘይት መድረሱን አረጋግጡ

የፕላስቲኩን ቱቦ በኋላ ቀኝ ጎማ አየር ማስወጫ ላይ ሰክታችሁ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። ረዳታችሁ ፔዳሉን በቀስታ ሲረግጥ ብሎኑን ክፈቱ። ዘይቱ በኃይል ከመጣ መስመሩ ክፍት ነው። ብሎኑን ሳትዘጉ ፔዳሉ እንዳይለቀቅ ተጠንቀቁ፤ አየር ይስባል።

እየተንጠባጠበ ከመጣ ወደ ፊት እየተመለሳችሁ ፈልጉ። ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚወርደው የጎማ ቱቦ መግቢያ ላይ ፈታ አድርጉ። እዚያ በኃይል ከመጣ ጥፋቱ የጎማ ቱቦው ነው፤ ውስጡ አብጦ ተዘግቷል። ይህ ከቫልቭ ብልሽት ይልቅ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ዋጋውም ከቫልቩ በብዙ ይረክሳል። እዚያም ከሰነፈ የቫልቩ መውጫ ላይ፣ ቀጥሎ መግቢያው ላይ ሞክሩ። መግቢያው ላይ በኃይል መጥቶ መውጫው ላይ ከሰነፈ ቫልቩ ራሱ ነው። መግቢያው ላይም ከሰነፈ ማስተሩንና ከማስተሩ ወደ ቫልቩ የሚመጣውን ብረት ቱቦ ፈትሹ።

9. በጌጅ ለኩ

ከላይ ያለው ሙከራ ዘይት ማለፉን እንጂ መጠኑን አይነግራችሁም። ቫልቩ ልክ ይቆጥባል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ጌጅ ብቻ ነው። አንዱን በፊት ጎማ፣ አንዱን በኋላ ጎማ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ላይ እሰሩ፤ ከጌጁ ውስጥም አየር አስወጡ። መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ ሞተር በርቶ፣ ፔዳሉ ቀስ እያለ ይረገጥ።

- መጀመሪያ ሁለቱ አብረው ከወጡ፣ ከዚያ የኋላው ከቀረ፦ ቫልቩ ሕያው ነው።
- ሁለቱ እስከ መጨረሻው እኩል ከሄዱ፦ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ተጣብቋል፣ ወይም ክንዱ ያለ ልክ ወደ ላይ ተገፍቷል። ባዶ ሲሆን የሚቆልፈው ይህ ነው።
- የኋላው ገና ከጅምሩ ከቀረ፣ ጭነት ስትጨምሩም ካልተለወጠ፦ ቫልቩ ተጣብቋል፣ ወይም ክንዱ አልደረሰውም። ባሌስትራ የተጨመረባት መኪና ባብዛኛው እዚህ ትገባለች።
- ፔዳሉ ተይዞ ሳለ የኋላው ብቻ እየወረደ ከሄደ፦ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ከዚያ ኋላዋ ላይ ሰዎች ወይም ከረጢት ጫኑና ድገሙት። መለያያ ነጥቡ ከፍ ማለት አለበት። ስንት ባር መሆን እንዳለበት በሞዴሉ ይለያያል፣ ከአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ውሰዱት። የሌላ መኪና ቁጥር አትዋሱ።

ጌጅ ከሌላችሁ ከዚህ በኋላ ያለውን ማስተካከል ጌጅ ላለው ጋራዥ ስጡት። ለመመርመር በቂ ሠርታችኋል፤ ለማስተካከል ግን ግምት አይበቃም።

10. አስተካክሉ ወይም ቀይሩ

መርሁ አንድ ነው። ክንዱን ወደ ላይ የሚገፋ ነገር ሁሉ የኋላ ፍሬንን ያጠነክራል፤ ወደ ታች የሚያወርደው ያለሰልሳል። ዘንጉን ስታስረዝሙ ክንዱ ይነሣል። የቫልቩ ማሰሪያ ቀዳዳ ረጅም ከሆነና ቫልቩን ዝቅ ብታደርጉት ወደ አክስሉ ስለሚቀርብ ያው ውጤት ይመጣል። የአንዳንድ መኪና ክንድ አቀማመጥ የተገላበጠ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ በእጃችሁ «ጭነት ሲገባ ክንዱ ወዴት ይሄዳል?» የሚለውን አረጋግጡ።

ባሌስትራ ለተጨመረባት መኪና ንጹሑ መፍትሔ ይህ ነው፦ ጭራዋ 4 ሳንቲሜትር ከፍ ካለ፣ አክስሉ ላይ ያለውን የዘንግ መያዣ በ4 ሳንቲሜትር ከፍ በሚያደርግ ጠንካራ ብረት አንሡት። ክንዱ ወደ ፋብሪካው ማዕዘን ይመለሳል። ዘንጉ በጥርስ የሚስተካከል ከሆነ ትንሽ ልዩነት በእሱ ይሸፈናል፤ ትልቁን ግን በእሱ አትሞክሩ፣ ጥርሱ ይጨርስና ይወልቃል። አንድ ዙር አዙሩ፣ ለኩ፣ እንደገና አዙሩ። ዘንጉን የሚቆልፈውን ተቃራኒ ዳዶ ማጥበቅ አትርሱ።

አንድ ነገር ግን አለ። የተጨመረው ባሌስትራ ጠንካራ ስለሆነ መኪናዋ ስትጫን ከድሮው ያነሰ ነው የምትወርደው። ስለዚህ ባዶ ላይ ልክ ያደረጋችሁት፣ ሙሉ ጭነት ላይ ትንሽ ሊያንስ ይችላል። ሁለቱንም ለክታችሁ ባዶውን ቅድሚያ ስጡ፤ ባዶ ላይ መቆለፍ የለበትም።

ቫልቩ ራሱ ከተበላሸ ሙሉውን ቀይሩት። ውስጡን ፈትቶ በአሸዋ ወረቀት መፈግፈግ አይሠራም፤ ፒስተኑና ቀዳዳው በጣም በጠባብ ልክ የተገጠሙ ናቸው፣ የውስጥ ዕቃውም ለብቻው አይሸጥም ማለት ይቻላል። ያገለገለ ከገዛችሁ ክንዱ በነጻ መንቀሳቀሱን፣ መከላከያ ጎማው ደረቅ መሆኑን፣ የመኪናችሁ ሞዴል ቁጥር ጋር መግጠሙን እዩ። ከውጭ አንድ ዓይነት መስለው ውስጣቸው የሚለያይ አሉ። አሮጌውን ከማውለቃችሁ በፊት የትኛው ቱቦ የት እንደገባ ፎቶ አንሡ።

11. አየር አስወጡ

ቱቦ ከተፈታ አየር ገብቷል። መኪናዋ በጎማዋ ወይም በአክስል ስታንድ ላይ ትሁን። መጽሐፉ ሌላ ካላለ ከማስተሩ ከራቀው ጀምሩ፦ የኋላው ሩቅ፣ የኋላው ቅርብ፣ የፊቱ ሩቅ፣ የፊቱ ቅርብ። ቫልቩ ላይ የራሱ አየር ማስወጫ ብሎን ካለ እሱንም አውጡ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ጎማዎቹ ተመልሳችሁ አረጋግጡ። ማስተሩ ውስጥ ያለው ዘይት እንዳይጎድል እያያችሁ ሙሉ። ከጠርሙሱ የወጣውን መልሳችሁ አትጨምሩ።

12. የመንገድ ሙከራ

ሳትነሡ በፊት ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ አጥብቃችሁ ያዙና የነካችሁትን መገጣጠሚያ ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ከረጠበ አትንዱ።

ሰውና ከብት የሌለበት ደልዳላ ደረቅ መንገድ ፈልጉ። የገበያ ቀን አይሁን። በባዶዋ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ፍሬኑን አጠንክሩ። ረዳታችሁ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ከጎን ይቁም፤ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደቆለፈ ይንገራችሁ። ፊቱ መቅደም አለበት። ኋላው ከቀደመ ወደ ደረጃ 10 ተመለሱ። ከዚያ መጠነኛ ጭነት ጭናችሁ ድገሙት። አሁን መኪናዋ ሳትደፋ፣ ከአራቱም ጎማ ስትይዝ ይሰማችኋል። ኤቢኤስ ያላት መኪና በዚህ አትፈተንም።

የተለመዱ ስህተቶች

ሸራና ሲሊንደር ደጋግሞ መቀየር ዋናው ነው። አዲስ ሸራ ግፊት ካልደረሰው ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው የፊት ፓድ ቶሎ ማለቁን እንደ ፓዱ ጥራት ማጉደል መቁጠር ነው። የፊት ፓዳችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያልቅ የኋላ ሸራችሁ እንደ አዲስ ከሆነ የኋላው እየሠራ አይደለም። ታምቡሩን ስትከፍቱ ሸራው ያልተነካ መስሎ ካገኛችሁት ደስ አይበላችሁ።

ሦስተኛው በፍሬን ዘይት ቦታ ሌላ ዘይት መጨመር ነው። የመሪ ዘይትም ይሁን የሞተር ዘይት፣ ትንሹም ቢሆን በመስመሩ ያለውን ጎሚኒ ሁሉ ያሳብጣል። ከዚያ የሚቀየረው ቫልቩ ብቻ አይደለም፤ ከማስተሩ እስከ ሲሊንደሩ ጎሚኒ ያለበት ሁሉ ነው። ዶት 5 የተባለው ሲሊኮን ዘይትም ከዶት 3 እና 4 ጋር አይቀላቀልም።

ደግሞ ቫልቩ ተስተካከለ ብሎ ቁልቁለትን በፍሬን ብቻ መውረድ አለ። የኋላው ሲይዝ የፊቱ ሸክም ይቀንሳል እንጂ ሙቀቱ አይጠፋም። ወደ ዓባይ ከመውረዳችሁ በፊት ከላይ ማርሽ ቀንሱ፤ ሞተሩ ይያዛት። ታች ስትደርሱ በአራቱም ጎማ አጠገብ እጃችሁን ሳታስነኩ አቅርቡ። ፊቱ እየፋጀ ኋላው ቀዝቃዛ ከሆነ መኪናዋ ተጭና ሳለም የኋላ ፍሬኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ጌጁን ይዛችሁ ወደ ደረጃ 9 ተመለሱ።

ክንዱን በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ጭቃው ሲያበቃ አጥባችሁ ነቅንቁት። ባሌስትራ በተነካ ቁጥር ደግሞ ወሩን ሳትጠብቁ ለኩ።